ስፒትፋየርን በወረቀት፦ ቆዳው የሚያምረው ጎድኑ ሲስተካከል ነው

ከወረቀት የሠራሁት ሞዴል ስፒትፋየር ማርክ 1፣ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላን ነው፤ ሚዛኑ 1፡33፣ ማለትም ከእውነተኛው 33 ጊዜ ያነሰ። እውነተኛው አውሮፕላን ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 11.23 ሜትር፣ ርዝመቱ ደግሞ 9.12 ሜትር ስለሆነ ሞዴሉ 34 በ27.6 ሴንቲ ሜትር ይወጣል። በወረቀት ሞዴል ሠሪዎች ዘንድ 1፡33 የተለመደ ነው፤ በጣም ካነሰ ትንንሾቹን ክፍሎች በጣት መያዝ ይቸግራል። ለጀማሪ ግን ይህን አውሮፕላን አልመክርም። ክንፉ ሞላላ ነው፤ ስህተት የሚደብቅ ቀጥ ያለ ጠርዝ የለውም።

ለቆዳው፣ ማለትም ከውጭ ለሚታየው የታተመ ሽፋን፣ በካሬ ሜትር 160 ግራም የሚመዝን ወረቀት፣ ቅርጹን ከውስጥ ለሚይዙት ጎድኖች 1 ሚሊ ሜትር ካርቶን ይበቃል። ስታትሙ ፕሪንተሩ የክፍሎቹን ሥዕል በገጹ ልክ እንዳያሳንሰው መጠኑን 100 በመቶ ላይ አድርጉትና ገጹ ላይ ያለውን የመለኪያ መስመር በማስመሪያ አረጋግጡ። 100 ሚሊ ሜትር መሆን የነበረበት 97 ከወጣ ሥዕሉ ያንሳል፣ የካርቶኑ ውፍረት ግን አይቀንስም፤ ጎድኖቹ የሚጠላለፉባቸው ስንጥቆች ይጠብባሉ። የኢንክጄት ቀለም በኮላ እርጥበት ስለሚለቅ ከመቁረጤ በፊት የማያብረቀርቅ ቫርኒሽ በስሱ ሁለት ጊዜ እረጫለሁ። የሌዘር ኅትመት አይለቅም፤ እጥፋት ላይ ግን ይሰነጠቃል።

ዋናው ሥራ ጎድኖቹ ናቸው። ብዙ ሰው ቆዳውን ሲያሳምር ይውልና ጎድኑን በመቀስ ቆርጦ ያልፈዋል። ሒሳቡን እዩት፦ 160 ግራም ወረቀት ወደ 0.2 ሚሊ ሜትር ይወፍራል። የአንድ ክብ ጎድን ጠርዝ ዙሪያውን በዚያችው የአንድ ወረቀት ውፍረት፣ በ0.2 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢተልቅ የዙሪያው ርዝመት በ1.25 ሚሊ ሜትር ይጨምራል፤ በዚያው ልክ ቆዳው ሆዱ ላይ አልገጥም ይላል። በጉልበት ስበው ካጣበቁት ጎድኑ ያለበት ቦታ ሁሉ ወደ ውጭ ገፍቶ ይወጣል፤ አውሮፕላኑ የተራበ ፈረስ ይመስላል። ስለዚህ ጎድኑን ከመስመሩ ትንሽ ወጣ አድርጌ በአዲስ ስለት እቆርጣለሁ፤ አንዴ በኃይል ሳይሆን ሦስት አራት ጊዜ ቀስ እያልኩ። ከዚያ ጠርዙን በቀጭን ሱፐር ግሉ አርሼ ሲደርቅ በ240 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት እሞርደዋለሁ። ሱፐር ግሉ ያልጠጣ ካርቶን ሲሞረድ ይፈለፈላል እንጂ አይለሰልስም። በየመሃሉ ቆዳውን ያለ ማጣበቂያ አልብሼ እሞክራለሁ፤ ስፌቱ፣ ማለትም የቆዳው ሁለት ጠርዞች የሚገጥሙበት መስመር፣ ሳይጨናነቅ ከተገናኘ በቂ ነው።

ቆዳውን ከመጠቅለል በፊት የወረቀቱን ክር አቅጣጫ እወቁ። በቁም አንዴ፣ በአግድም አንዴ ለስለስ አድርጋችሁ ጎንበስ አድርጉት፤ ያለ ግትርነት የሚታጠፍበት መስመር የክሩ አቅጣጫ ነው። የቱቦው ርዝመት ከክሩ ጋር ካልተስማማ ክብ በመሆን ፈንታ ማዕዘን ማዕዘን ይሠራል። ወረቀቱን ለስላሳ የማውስ ምንጣፍ ላይ በጀርባው አስተኝቼ ክብ እንጨት አንከባልልበታለሁ፤ ራሱ መጠቅለል እስኪጀምር። ስፌቱ ሁልጊዜ ከሆዱ በታች ይሁን።

የተቆረጠ ወረቀት ነጭ ጠርዝ ከሩቅ ያጋልጣል። ከመጣበቁ በፊት በውሃ ቀለም፣ ከሞላ ጎደል በደረቀ ብሩሽ፣ ከጀርባ በኩል ይቀባ፤ ከፊት ከተቀባ ቀለሙ ኅትመቱ ላይ ይዘልቃል። የዚህ አውሮፕላን ቀለም አረንጓዴና ቡናማ ስለሆነ ጠርዙም እንደየቦታው ይለያል።

ለረጅም ስፌት ኮላ፣ እሱም በጥርስ መፋቂያ ጫፍ የተነካ ያህል ብቻ። ከበዛ ውሃው ወረቀቱን ያጣምመዋል፣ ሲደርቅም አይመለስም።

የክንፉ ኋላ ጠርዝ ሁለት ቆዳ ስለሚደራረብበት ይወፍራል። ከመታጠፉ በፊት የውስጡን የመጨረሻ 3 ሚሊ ሜትር በብርጭቆ ወረቀት አሳሱት። ክንፉ ወደ ላይ የሚነሳው 6 ዲግሪ ነው፤ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል መሆኑ ነው። ሁለቱ ወገኖች እኩል እንዲሆኑ በዚህ ልክ ሁለት የካርቶን ሦስት ማዕዘን ቆርጬ ኮላው እስኪደርቅ ከሥር አስደግፋቸዋለሁ። በዓይን ግምት የተስተካከለ ክንፍ ከፊት ሲታይ አንዱ ጎኑ ወርዶ ይገኛል።

የጎማዎቹ እግር ካርቶን ብቻ ከሆነ ከጊዜ ብዛት ይጎብጣል፤ መሃሉ 1 ሚሊ ሜትር ሽቦ ይግባበት። ጎማው ራሱ የተደራረበ ካርቶን ነው፤ በጥርስ መፋቂያ ሰክቶ እያሽከረከሩ መሞረድ ነው።

የአብራሪውን መስታወት ከግልጽ ፕላስቲክ ስትሠሩ ሱፐር ግሉ አታስጠጉ፤ ትነቱ ፕላስቲኩን ነጭ ጉም ያለብሰዋል። ኮላ ሲደርቅ ግልጽ ስለሚሆን እሱ ይሻላል። የሬዲዮ አንቴናው ምሰሶና ፕሮፔለሩ ደግሞ የመጨረሻ ይሁኑ፤ ቀድመው ከገቡ ሞዴሉን ባገላበጣችሁት ቁጥር መጀመሪያ የሚሰበሩት እነሱ ናቸው።