በአዲስ ከተማ ብስክሌተኞችን ፍለጋ፦ የስምንት ወር ማስታወሻ

ወደዚህ ከተማ ከተዛወርኩ ስምንት ወር ሆነኝ። በመጀመሪያዎቹ አምስት ሳምንታት ብስክሌት የነዳሁት ብቻዬን ነበር። ዛሬ ግን ቅዳሜ ማለዳ አሥራ አራት ሰዎች በሁለት ረድፍ ሲጓዙ በመካከላቸው ሆኜ፣ የፊት ጎማዬን ከፊቴ ካለው ሰው የኋላ ጎማ በግማሽ ሜትር አርቄ፣ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እየሄድኩ መወያየት እችላለሁ። በእነዚህ ሁለት ጊዜያት መካከል ያለፍኩበትን የምጽፈው፣ ከተማ ቀይረው ከብስክሌታቸው ጋር ብቻቸውን ለቀሩ ሰዎች ይጠቅማል ብዬ ስለማምን ነው።

መጀመሪያ የተሳሳትኩት ካርታን በማመን ነው። ካርታው የብስክሌት መስመር ያለበትን ጎዳና ያሳየኛል፤ እኔም ከሥራ መልስ ወደዚያ እሄዳለሁ፤ ነገር ግን አንድም ብስክሌተኛ አላገኝም ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ትንሽ ደብተር ይዤ፣ ብስክሌተኛ ያየሁበትን ቦታ፣ ሰዓቱን፣ የሚሄድበትን አቅጣጫና የብስክሌቱን ዓይነት መመዝገብ ጀመርኩ። ሁለት ገጽ ሳይሞላ ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ፤ አንዱ ጎዳና እንደ ሰዓቱ የተለያዩ ሰዎች መንገድ ነበር። በሥራ ቀናት ጠዋት ጭቃ መከላከያና የጎን ቦርሳ ያላቸው ብስክሌቶች ወደ መሐል ከተማ ይጎርፋሉ፤ ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ቀጫጭን ጎማ ያላቸው ከከተማ ይወጣሉ፤ በወር አንድ ጊዜ ደግሞ አመሻሽ ላይ ሕፃናትን ያፈናጠጡ ወላጆች ሳይቀሩ መንገዱን ሞልተው ያልፋሉ። ብስክሌተኛ የሌለበት ከተማ የመሰለኝ በማይወጡበት ሰዓት ስለምወጣ ነበር። ስለዚህ ለአዲስ መጤ የመጀመሪያ ምክሬ፣ ከቦታ ይልቅ ሰዓትን ይፈልግ፤ ሰዓቱን ካገኘ በኋላም በዚያው ሰዓት ደጋግሞ ይውጣ የሚል ነው። በአራተኛው ቅዳሜ ሰላምታ የሰጡኝ ሰዎች ባለፉት ሦስቱ ያዩኝ ነበሩ።

በቅድሚያ የተቀላቀልኩት ወርኃዊውን የምሽት ጉዞ ነው። ይህ ዓይነቱ ጉዞ በብዙ አገሮች የሚታወቅ ሲሆን፣ ክሪቲካል ማስ በሚል ስም የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1992 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ከተጀመረ በኋላ ነው፤ በብዙ ቦታ የሚካሄደውም በወሩ የመጨረሻ ዓርብ ነው። ከዚህ የተለየው ደግሞ ቦጎታ እ.ኤ.አ. በ1974 የጀመረችው፣ እሑድና በበዓላት ቀን ጎዳናዎችን ለመኪና ዘግቶ ለእግረኛና ለብስክሌተኛ የመክፈት ልማድ ነው። ከተማን ለማወቅ ከእንዲህ ያሉ ዘገምተኛ ጉዞዎች የተሻለ ትምህርት ቤት አላገኘሁም። በእግር ከመሮጥ እምብዛም በማይበልጥ ፍጥነት እየሄድኩ፣ የትኛው መገናኛ አደገኛ እንደሆነ፣ የትኛው ድልድይ ነፋስ እንደሚበዛበትና ከቆሙ መኪናዎች ቢያንስ አንድ ሜትር መራቅ ለምን እንደሚያስፈልግ ተማርኩ። የመኪና በር በድንገት ሲከፈት ብስክሌተኛ የሚያመልጥበት ጊዜ አይኖረውም፤ ስለዚህ ርቀቱን አስቀድሞ መያዝ ግድ ነው።

የቅዳሜውን ቡድን ያገኘሁት ግን በአንድ ብስክሌት ጠጋኝ በኩል ነው። የብስክሌቴን ያረጀ ካቴና ሲያይ በሳምንት ስንት ኪሎ ሜትር እንደምነዳ ጠየቀኝና፣ ለእኔ አቅም የሚስማማው ቡድን የሚነሣበትን ቦታና ሰዓት ነገረኝ። በየከተማው ማን ከማን ጋር እንደሚነዳ የሚያውቁት እነዚህ ባለሙያዎች ናቸው፤ በመጀመሪያው ሳምንት አለመጠየቄ እስካሁን ይቆጨኛል።

በዚያ ቡድን ውስጥ የተማርኩትን ሰፋ አድርጌ ልጻፍ፤ ምክንያቱም ብቻውን ለዓመታት የነዳ ሰው በቡድን መንዳትን ያውቃል ማለት አይደለም። እኔ ስድስት ዓመት ብነዳም በቡድን መንዳትን አላውቅም ነበር። ሰዎች ተጠጋግተው የሚነዱት በነፋስ ምክንያት ነው። ሜዳ ላይ ፍጥነት ሲጨምር ዋናው ተቃዋሚ አየር ይሆናል፤ አየርን ለመቅደድ የሚያስፈልገው ኃይል ደግሞ ፍጥነት በእጥፍ ሲያድግ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ከሌላ ሰው ጀርባ ተጠልሎ የሚነዳ ሰው፣ እንደ ፍጥነቱና እንደ ርቀቱ፣ ከድካሙ ሩብ ያህሉን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆጥባል። ይህ ጥቅም የሚገኘው ግን በጣም በመጠጋት ስለሆነ፣ ስሕተት የሚያስከፍለውም ብዙ ነው።

በሁለተኛው ቅዳሜ ስሕተቱን ፈጸምኩ። የፊት ጎማዬ ከፊቴ ከነበረው ሰው የኋላ ጎማ አልፎ ጎን ለጎን ገብቶ ነበር፤ ሰውየው ጉድጓድ ሽሽት ትንሽ ወደ እኔ ሲያዘነብል ጎማዎቻችን ተነካኩ። እርሱ ምንም ሳይሆን ሄደ፤ እኔ ወደቅሁ፤ ከኋላዬ የነበረው ሰው ቸርኬም ጠመመ። ክርኔ ከመላጡ በላይ የጎዳኝ የዚያ ሰው ዝምታ ነበር። በዚያ ቀን በዕድሜ የገፉ አንዲት ብስክሌተኛ አጠገቤ ቆመው፣ “ልጄ፣ ብስክሌት ቀጥ ብሎ የሚቆመው መሪው በትንሽ በትንሹ ወደሚወድቅበት አቅጣጫ እየዞረ ስለሚያርመው ነው። የፊት ጎማህ ከሌላ ጎማ ጋር ከተያዘ ማረም አትችልም፤ ሁልጊዜ የሚወድቀው የኋለኛው ነው” አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ጎማዬን ከሌላ ሰው ጎማ ጎን አስገብቼ አላውቅም።

ቀጥሎ ለስድስት ሳምንታት፣ ማክሰኞና ሐሙስ፣ ባዶ ሜዳ ላይ ከአንድ የቡድኑ አባል ጋር ተለማመድኩ። በነጭ መስመር ላይ ሳልወላገድ መንዳት፣ መስመሩን ሳልለቅ ወደ ኋላ መመልከት፣ ከዚያም ከባልደረባዬ ጀርባ ሁለት ሜትር፣ አንድ ሜትር፣ በመጨረሻም ግማሽ ሜትር እየተጠጋሁ መሄድ ነበር ሥራችን። ዓይንን ከፊት ባለው ጎማ ላይ መትከል ያፈዛል፤ መመልከት የሚገባው የሰውየውን ወገብና ከእርሱ አልፎ መንገዱን ነው። በጣም ሲጠጉም ፍሬን መያዝ አይገባም፤ ፔዳል መርገጥን ማለዘብ ወይም ደረትን ቀና አድርጎ ነፋስ መቀበል ይበቃል፤ ፍሬን ከተያዘ ድንጋጤው ከኋላ እስካለው የመጨረሻ ሰው ይተላለፋል። ከሁሉ ያስገረመኝ ዳገት ላይ የሚሆነው ነው፤ ሰው ከኮርቻው ብድግ ሲል ብስክሌቱ ለቅጽበት ወደ ኋላ ስለሚቀር፣ ከመነሣቱ በፊት ማርሹን አንድ ደረጃ አክብዶ ፔዳሉን ጠንከር አድርጎ መርገጥ አለበት። ይህን ለመልመድ ከሁሉም ረዘም ያለ ጊዜ ወስዶብኛል።

የእጅ ምልክቶቹን ቶሎ ለመድኳቸው። ፊት ለመምራት ተራዬ ሲደርስ ግን ደስታዬ ያፈጥነኝ ነበር፤ ተራ የያዘ ሰው ግዴታው የነበረውን ፍጥነት መጠበቅ ነው እንጂ አቅሙን ማሳየት አይደለም። አጠገብ ካለው ሰው በግማሽ ጎማ እየቀደሙ መሄድም ያው ጥፋት ነው፤ ሁለቱ ሳያውቁት እየተፎካከሩ ቡድኑን ያደክማሉ።

መሻሻሌን በቁጥር ላስቀምጥ። ስመጣ ረጅሙ ጉዞዬ 35 ኪሎ ሜትር፣ አማካይ ፍጥነቴም በሰዓት 21 ኪሎ ሜትር ነበር፤ ፔዳል የማዞረውም በደቂቃ 65 ጊዜ ገደማ ነበር። በአራተኛው ወር ማርሹን አቅልዬ በደቂቃ 85 ጊዜ ማዞር ስጀምር የጉልበቴ ሕመም ጠፋ። ባለ 25 ሚሊ ሜትር ጎማዬን በ28 ሚሊ ሜትር ቀይሬ የአየር ግፊቱን ስቀንስ፣ ሸካራ መንገድ ላይ እጄ መደንዘዙን ተወ።

ባለፈው ወር የመጀመሪያውን ብሬቬ ሠራሁ። ብሬቬ ደረጃ የማይወጣበት፣ በተወሰነ ሰዓት ውስጥ መጨረስ ብቻ የሚጠይቅ፣ በየመቆጣጠሪያ ጣቢያው ካርድ የሚመታበት ረጅም ጉዞ ነው፤ ርቀቶቹ 200፣ 300፣ 400 እና 600 ኪሎ ሜትር ሲሆኑ፣ በየአራት ዓመቱ ለሚካሄደው 1,200 ኪሎ ሜትር ለሚፈጀው የፓሪስ–ብረስት–ፓሪስ ጉዞ ማጣሪያ ሆነውም ያገለግላሉ። ለ200 ኪሎ ሜትር የተፈቀደው 13 ሰዓት ተኩል ነው፤ እኔ በ10 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ጨረስኩ። ከመንገዱ ሁለት ሦስተኛውን የተጓዝኩት ከእነዚያ አዛውንት ጋር ተራ በተራ ነፋሱን እየተቀባበልን ነበር።

ቀጥሎ ያለው 300 ኪሎ ሜትር ነው፤ ገደቡ 20 ሰዓት በመሆኑ ከፊሉ በሌሊት ይነዳል። አሁን የምለማመደው በጨለማ በቡድን መንዳትን ነው፤ የኋላ መብራቴ የሚከተለኝን ሰው ዓይን እንዳይወጋ ብልጭ ድርግም ማለቱን አጥፍቼ፣ ወደ ታች አዘንብዬ አስሬዋለሁ። ቁልቁለት በሌሊት ሲወረድ በመካከል ምን ያህል ርቀት መተው እንደሚገባ ግን ገና አልተስማማንም፤ እኔ አሥር ሜትር እያልኩ ነው፤ አዛውንቷ ሠላሳ ይላሉ። ያለፋችሁበት ካላችሁ ልምዳችሁን ብትጽፉልኝ በእጅጉ ይጠቅመናል።