ጨረቃ ሳትወጣ

ይህን ለመመስከር ስምንት ወር ፈጀብኝ። ያቺ ሌሊት ላይ ስደርስ ድምፄ ይቆረጣል።

ከዳሎል እየተመለስን ነበር፤ ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ከወረደው ምድር። ሐመድ ኤላ መንደር ደርሰን ድንኳን ልንተክል ነው። "በአሳሌ የጨው ሐይቅ ዳር እናቋርጥ" ያልኩት እኔ ነኝ። አፋሩ መንገድ መሪያችን "ዳር ዳሩ ለስላሳ ነው" ብሎ ነበር። ሾፌሩም በአንድ መኪና ጨው ሜዳ መግባት እንደማያዋጣ ያውቃል። ነዝንዤ አስገባኋቸው።

ሊመሽ ሲል የኋላ ጎማዎቹ ጨዉን ሰብረው ገቡ። ላዩ ነጭ ድንጋይ፣ ሥሩ ጥቁር ጭቃ። የጎማ ነፋስ ቀነስን። በሰሃን ቆፈርን። ፍራሻችንን ከጎማው ሥር አነጠፍን። ሾፌሩ ነዳጅ በረገጠ ቁጥር መኪናው ይቀበራል። ኔትወርክ የለም። ውሃ ልቅዳ ብዬ ጀሪካኑን ሳነሳው ቀለለኝ። ክዳኑ ላልቶ መንገድ ላይ ፈስሷል። ለአራት ሰው ሁለት ሊትር የማይሞላ ቀረን። በጨለማ በእግር መሄድም አይሆንም፤ ጨዉ የቱ ጋ እንደሚሰበር አይታወቅም።

መንገድ መሪያችን "ሰው ይመጣል" አለና ተኛ። እንዴት እንደተናደድኩበት! ነፋሱ ጨው ጨው ይላል። ከንፈሬን በላስኩት ቁጥር ጥሙ ይብሳል። ሾፌሩ የራዲያተሩን ውሃ እንጠጣ ሊል ነበር፣ ኩላንት የሚባል መርዝ እንዳለበት ሲያስታውስ ዝም አለ።

እውነቱን ልናገር። ከእግዚአብሔር ጋር ተኳርፌ ነበር። እናቴ ስትታመም ጾሜ ጸልያለሁ። ሞተች። ከዚያ ወዲህ ስዘምር አፌ ብቻ ነበር የሚዘምረው።

ጨረቃ ስትወጣ ሜዳው እንደ ቀን ነጣ። "ፀሐይ በቀን አያቃጥልህም፣ ጨረቃም በሌሊት" የሚለው ሳልጠራው መጣ። እናቴ ማታ ማታ የምትደግመው መዝሙር ነው። ያን ጊዜ ፈነዳሁ። "ስለ እሷ ስለምንህ አልሰማኸኝም። ዛሬም ዝም ልትል ነው?" ጸሎቴ ይኸው ነው። አሜን እንኳ አላልኩም።

ጎህ ሲቀድ ሁለት ግመሎች ብቅ አሉ። አንድ አባት ከልጃቸው ጋር፣ ውሃ በስልቻ ጭነው። መንገድ መሪያችን አስተረጎመልን። አሞሌ የጫኑ ግመለኞች ማታ መኪናችንን ከሩቅ አይተዋል። መንገድ ላይ ከእሳቸው ጋር ሲገናኙ እንደ አፋሮች ልማድ ዳጉ፣ ያዩትንና የሰሙትን ወሬ፣ ተለዋወጡ፤ ወሬያችንም ደረሳቸው።

"መቼ ተነሱ?" አልኩ።

"ጨረቃ ሳትወጣ።"

እኔ ገና አኩርፌ ተቀምጬ ሳለሁ ማለት ነው! "ሳይጠሩ እመልስላቸዋለሁ" ይላል ኢሳይያስ። ስንቴ አንብቤዋለሁ።

ልጃቸው ሄዶ አይሱዙ ይዞ መጣ። የአይሱዙውን ሾፌር ጌታ ይባርከው፣ አንድ ብር አልተቀበለንም።

መኪናው በገመድ ሲጎተት አባታችን በግመላቸው ጥላ አስቀመጡኝ። ዳጉ የሰጠ ዳጉ ይቀበላልና የእኔን ጠየቁኝ። ምን አየሽ? ምን ሰማሽ?

ከእናቴ ጀመርኩላቸው።