ስለቴ ሰመረልኝ

እግዚአብሔር ያደረገልኝን ልመስክር። ልጄ አሁን 16 ዓመቷ ነው። ይህን የማወጣው እሷ አንብባ ስለፈቀደችልኝ ነው።

ድሮ የምንኖረው አዲስ አበባ፣ ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ የሚባል ሰፈር ነበር። እዚያ ልጅ የግቢው ሁሉ ነው። ብታመሽ፣ ከማን ጋር እንደቆመች ሳልጠይቅ ይነገረኛል። በ2016 ሰፈሩ ሲፈርስ ጎረቤት ተበታተነ። እኛ አራት ኪሎ አካባቢ ቤት ተከራየን። በዚያው ሰሞን የልጄ ቁመት ተመዘዘ፣ ስልኳን ይዛ ጥግ መቀመጥ ጀመረች። አባቷ በሕይወት የለም። ፍርሃት ገባኝ።

እናቴ ባሳደገችኝ መንገድ ያዝኳት። ከትምህርት ቤት እስከ ቤት 20 ደቂቃ ሰጠኋት። ማታ ማታ ስልኳን እበረብራለሁ። "የት ነበርሽ?" ነው ሰላምታዬ። አንድ ቀን 40 ደቂቃ ቆይታ ስትመጣ በጥፊ አጮልኳት። ለካ የታክሲ ሰልፍ ላይ ነበረች። ስለ ወንድ፣ ስለ ሰውነቷ፣ ስለ እርግዝና ግን አንዲት ቃል ተንፍሼላት አላውቅም። እናቴም አልነገረችኝም። የመጀመሪያ የወር አበባዬ ሲመጣ የምሞት መስሎኝ ነው ያለቀስኩት።

ጠዋት ጠዋት አራዳ ጊዮርጊስ ሄጄ አለቅሳለሁ። "ልጄን ጠብቅልኝ፣ ጥላ አስገባለሁ" ብዬ ተሳልኩ። ይህንኑ ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ "የእሷን ነገር ለእግዚአብሔር ትነግሪዋለሽ። ለእሷስ ምን ነገርሻት?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

በዚያው ወር ሰንበት ትምህርት ቤቱ ወላጆችን ሰበሰበን። አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ በ2000 እ.ኤ.አ. ስለወጣ የስዊድን ጥናት ነገረችን። ወላጆች የ14 ዓመት ልጆቻቸውን ውሎ በይበልጥ የሚያውቁት ልጆቹ ወደው ሲያወሯቸው ነው፤ በምርመራና በቁጥጥር የሚገኘው ትንሽ ነው። ገደብ አታብጁ አላለችም። የት እንደዋሉ እወቁ፣ የመግቢያ ሰዓት ይኑር አለች። ስለ ወሲብ ማውራት ልጅን ወደዚያ አይገፋም ስትል ግን ደነገጥኩ። እኔ እኮ ካወራኋት ዓይኗን እገልጣለሁ ብዬ ነበር የፈራሁት።

ማታውኑ ስለ ጥፊው ይቅርታ ጠየቅኳት። አላመነችኝም። ትከሻዋን ነቅንቃ ገባች። ስልኳን መበርበር ተውኩ፤ ቀላል አልነበረም፣ እጄን ይበላኝ ነበር። የመግቢያ ሰዓቱን አብረን 12 ሰዓት አደረግነው፣ ከዘገየች ትደውላለች። እንዲህ ሆነን ሁለት ወር አለፈ።

አንድ ዓርብ ማታ ምስር እየለቀምኩ ነበር። መጥታ ሰፌዱን ሳብ አደረገችና አብራኝ መልቀም ጀመረች።

"እማ፣ ብነግርሽ አትቆጪም?"

ዓይኗን ከምስሩ አላነሳችም። አንድ ልጅ ነገ ቤት ሰው የለም፣ ነይ ብሏታል። ከወደድሽኝ ትመጫለሽ ብሏታል። ልትሄድ ነበር። ጓደኛዋ "እኔ ጋ ናት" እንድትልላት ተስማምተው ጨርሰዋል።

ጉሮሮዬ ደረቀ። ከምስሩ የለቀምኳት አንዲት ጠጠር በጣቶቼ መሀል ነበረች። እሷን እያሸሁ፣ "አንቺስ ትፈልጊያለሽ?" አልኳት።

"አልፈልግም። ግን እምቢ ካልኩት ይተወኛል" ብላ አለቀሰች።

እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት አወራን። ስለ እርግዝና፣ ስለ በሽታ፣ በቁርባን ስትዳር ማየት ለምን እንደምመኝ። እምቢ ማለት መብቷ እንደሆነ፣ በዚህ የሚሄድ ቢሄድ እንደሚሻላት። እኔ በ17 ዓመቴ ያለፍኩበትን፣ ለማንም ያልተነፈስኩትንም ነገርኳት። እጄን ይዛ ሰማችኝ። ጠዋት ስልኳን አሳየችኝ፤ "አልመጣም" ብላ ጽፋለታለች። አሳዪኝ አላልኳትም ነበር።

ሚያዝያ 23 ጥላውን ይዘን ሄድን። ምኒልክ አደባባይ ሕዝቡ መንገዱን ሞልቶታል። ጥላውን የያዘችው እሷ ናት።

"እማ፣ ስለቱ የምን ነበር?" አለችኝ።

እዚያው እየሄድን ነገርኳት።