«ሆም አሎን»ን አምስት ጊዜ ስመለከት ደብተሬ ላይ የቀረው

የያዝኩት ነገር የት እንደደረሰ ላካፍላችሁ። አንድ የገና ፊልም መርጬ፣ ደብተርና እርሳስ አጠገቤ አስቀምጬ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አምስት ጊዜ አየሁት። የመረጥኩት «ሆም አሎን»ን ነው። ጆን ሂዩዝ ጽፎት ክሪስ ኮሎምበስ ያዘጋጀውና እ.ኤ.አ. በ1990 ለእይታ የበቃው ይህ ፊልም፣ ቤተሰቡ ለገና ወደ ፓሪስ ሲበር ቤት ተረስቶ የቀረውንና ቤቱን ከሁለት ሌቦች በወጥመድ የሚከላከለውን የስምንት ዓመቱን ኬቨንን ታሪክ እንደሚተርክ አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ። ዓላማዬ በአድናቂዎች ዘንድ የሚወሩትን መላምቶች አንድ በአንድ ከፊልሙ ጋር ማመሳከር ነበር።

መጀመሪያ የያዝኩት የኤልቪስን ጉዳይ ነው። የኬቨን እናት ኬት ወደ ልጇ ለመመለስ ስትጣደፍ በአሜሪካዋ የስክራንተን ከተማ አውሮፕላን ማረፊያ ከሠራተኛው ጋር ስትከራከር ከኋላዋ አንድ ጢማም ሰው ቆሟል። እርሱ ዝነኛው አሜሪካዊ ዘፋኝ ኤልቪስ ፕሪስሊ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1977 ሞተ የተባለውም ውሸት ነው የሚሉ አሉ። ምስሉን እያስቆምኩ፣ እያጎላሁ፣ የአንገቱን አዟዟር ሳይቀር ስመዘግብ አንድ ሙሉ ምሽት አለፈ። ሰውየው ትዕይንቱን ለማሟላት የቆመ አጃቢ ነው። የመላምቱ ስሕተት መሆን ብዙም አላስከፋኝም። ያስከፋኝ ሁለት ገጽ ጽፌ ሳበቃ ስለ ኬትም ሆነ ስለ ልጇ አንዲት አዲስ ነገር አለማወቄ ነው። ከዚያ ምሽት በኋላ ለእያንዳንዱ መላምት አንድ ጥያቄ አቀርብለት ጀመር፦ ፊልሙ ውስጥ ካለው ምኑን እንደገና እንዳይ ታደርገኛለህ?

ሁለተኛው ዙር ብዙ አስተማረኝ። «ልጅ እንዴት ይረሳል? ወላጆቹ ግዴለሾች ናቸው» የሚለውን ክስ ለዓመታት እኔም እደግመው ነበር። በዝግታ ሳየው ግን ደራሲው ይህን ጥያቄ አስቀድሞ እንዳሰበበትና በር በር እየዘጋ እንደሄደ ገባኝ። ሌሊት ነፋስ ቅርንጫፍ ሰብሮ የኤሌክትሪክ ገመድ ላይ ይጥላል፤ መብራት ይጠፋል፤ የማንቂያ ሰዓቱም አይደወልም። ጠዋት በጥድፊያ መካከል ቆጠራውን የምታካሂደው የኬቨን የአጎት ልጅ ሄዘር ናት። የጎረቤት ልጅ ሚች መርፊ ጀርባውን ሰጥቶ መኪናው ውስጥ የሰው ዕቃ ይበረብራል። ሄዘር እርሱንም ጨምራ አሥራ አንድ ልጆች፣ አራት ወላጆች ብላ ትጨርሳለች። እናትየው ማታ ኬቨንን ስትቆጣው ቤቱ ውስጥ አሥራ አምስት ሰው እንዳለ ተናግራ ነበር። ሒሳቡ ልክ ነው፤ አንዱ ሰው ብቻ ተለውጧል።

ከሁሉም የሚገርመኝ ቲኬቱ ነው። ማታ ወጥ ቤት ውስጥ ኬቨን ታላቅ ወንድሙን ባዝን ሲገፈትረው ወተቱ ፓስፖርቶቹና ቲኬቶቹ ላይ ይደፋል። አባትየው ፒተር ሶፍት እያነሳ ይጠርጋል፣ የራሰውንም ሰብስቦ ወደ ቆሻሻ መጣያው ይወረውራል። እዚያች ላይ አስቁሙት። ከእርጥቡ ሶፍት ጋር የኬቨን ቲኬት አብሮ ሄዷል። ለአፍታ ብቻ የሚታይ ነገር ነው፤ ማንም ስለ እርሱ ቃል አይተነፍስም። ውጤቱን ግን አስቡት፦ አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርሱ «ይህ የማን ነው?» የሚያሰኝ ትርፍ ቲኬት በእጃቸው የለም። ልጁን ያስቀረው ጠቡ ራሱ ነው ማለት ነው።

«ለምን አልደወሉለትም?» ለሚሉም መልስ አለ። ጠዋት አንድ ጥገና ሠራተኛ ለኬት መብራቱ እንደተመለሰ፣ የስልክ መስመሩ ግን ጥቂት ቀናት እንደሚፈጅ ይነግራታል። እርሷ በጥድፊያ ላይ ስለሆነች እኛም አብረናት እናልፈዋለን። ታዲያ ኬቨን ፒዛውን በምን አዘዘ? ይህን አሁንም መፍታት አልቻልኩም፤ በደብተሬ ላይ በቀይ ተሰምሮበት ተቀምጧል።

ሦስተኛውን ዙር ድምፁን አጥፍቼ አየሁት። እንድትሞክሩት አጥብቄ እመክራለሁ። ንግግሩ ሲወገድ ዓይን ቀለም ማየት ይጀምራል፤ ቀይና አረንጓዴ ከየአቅጣጫው ይመጣሉ። የግድግዳ ወረቀቱ፣ ምንጣፉ፣ መጋረጃው፣ የሚለብሱት ልብስ ሁሉ የገና ቀለም ነው። የቤቱ ውጫዊ ገጽታ በቺካጎ አጠገብ በምትገኘው ዊኔትካ የሚገኝ እውነተኛ ቤት ቢሆንም፣ አብዛኛው የውስጥ ክፍል የተሠራው በተዘጋ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ውኃ የሞላው የጎረቤት ምድር ቤት እንኳ በትምህርት ቤቱ መዋኛ ገንዳ ነው የተቀረጸው። ስለዚህ እነዚያ ቀለሞች በአጋጣሚ የተገኙ አይደሉም፤ እያንዳንዱን ሰው መርጦታል።

በዚሁ ዙር የወርቅ ጥርሱን ተከተልኩት። ጆ ፔሺ የሚጫወተው ሌባ ሃሪ ፖሊስ መስሎ ቤቱ ሲመጣ ለኬቨን ፈገግ ይልለታል፣ ጥርሱም ብልጭ ይላል። በኋላ ሃሪና ጓደኛው ኬቨንን በመኪና ሊገጩት ሲሉ ያው ጥርስ እንደገና ያበራል፣ ልጁም ማንነቱን ያውቃል። ኬቨን ያጠመደው የቀለም ቆርቆሮ የሃሪን ፊት ሲመታው ጥርሱ ይወልቃል። በመጨረሻ ቤተሰቡ ተመልሶ ሁሉም በደስታ ሲተቃቀፍ ፒተር ከወለሉ ላይ የወርቅ ጥርስ ያነሳል። ከዚያ ሁሉ ጦርነት የተረፈው ብቸኛ ማስረጃ በአባትየው መዳፍ ላይ ነው፤ ምን እንደሆነ ግን አያውቅም። ይህን ሳይ ብቻዬን አጨበጨብኩ።

አራተኛው ዙር የኬቨን ጎረቤት የሆነው የሽማግሌው የማርሊ ነበር። ማርሊ ያደገው ኬቨን ነው የሚል መላምት አለ። አላሳመነኝም፤ ነገር ግን ሽማግሌውን በትኩረት እንዳየው ስላደረገኝ ባለውለታዬ ነው። ባዝ በመስኮት እያሳየ፣ ማርሊ እ.ኤ.አ. በ1958 ቤተሰቡን በአካፋ እንደገደለና አስከሬኖቹን በጨው በተሞላ በርሜል እንደሚያደርቅ ለኬቨን ያወራዋል። በዚያው ቅጽበት ማርሊ ምን እየሠራ ነው? ሰው በበረዶ እንዳይንሸራተት በሌሊት ጨው እየበተነ ነው። ወሬው ያከፋው ሥራ ለጎረቤት የሚደረግ በጎ ሥራ ነው። በፊልሙ መጨረሻ ኬቨንን ከሌቦቹ እጅ የሚያስጥለው ደግሞ ያው አካፋ ነው።

እጁንም ተመልከቱት። መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ኬቨን ሲያገኘው የማርሊ እጅ በጨርቅ ተጠቅልሏል፣ ደምም ይታይበታል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተቀምጠው ከልጁ ጋር መጣላቱን ነግሮት እጁን ሲዘረጋለት ትንሽ ፕላስተር ብቻ ቀርታለች። ስለ ቁስሉ ማንም አይናገርም። ሽማግሌው የልቡን መናገር ሲጀምር እጁም እየዳነ ነው። ስሙም ቢሆን በእንግሊዛዊው ደራሲ በቻርልስ ዲከንስ እ.ኤ.አ. በ1843 በታተመው የገና ታሪክ ውስጥ ሰንሰለት እየጎተተ የሚመጣው መንፈስ ስም ነው፤ ያኛውም የሚመጣው ሌላውን ሰው ለማዳን ነው።

አምስተኛው ዙር የሰይጣኑ ነው። ኬት በስክራንተን ነፍሷን ለሰይጣን መሸጥ ቢኖርባት እንኳ ልጇ ዘንድ እንደምትደርስ ትናገራለች። ወዲያው ከጎኗ ጆን ካንዲ የሚጫወተው ፖልካ የተባለው የጭፈራ ሙዚቃ ተጫዋች ገስ ፖሊንስኪ ይከሰትና በባንዱ መኪና ሊያደርሳት ይጋብዛታል። ገስ ሰይጣን ነው ይላሉ። በጣም ወደድኩት፤ በተነገረ ቃልና በገባበት ሰዓት ላይ የቆመ መላምት ነውና። ስከተለው ግን ወደ ተቃራኒው ወሰደኝ። ኬት ፓሪስ ውስጥ ከአንዲት አሮጊት መቀመጫ ለማግኘት ገንዘቧን፣ ሰዓቷን፣ ቀለበቷንና የጆሮ ጌጧን አቅርባ ነበር። ገስ ምን ጠየቃት? ምንም። እንዲያውም መንገድ ላይ እርሷ መጥፎ እናት ነኝ ብላ ስታዝን፣ እርሱም በአንድ ወቅት ልጁን አስከሬን በሚቀመጥበት ቤት ቀኑን ሙሉ ረስቶት እንደነበር፣ ልጁም ከስድስት ሰባት ሳምንት በኋላ እንደገና መናገር እንደጀመረ ያወራላታል። እርሷን ለማጽናናት የራሱን ኃፍረት ያወጣል። ሰይጣን እንዲህ አያደርግም።

ኬቨን አድጎ በአስፈሪ ፊልም ውስጥ ወጥመድ የሚያጠምድ ነፍሰ ገዳይ ይሆናል የሚለውን፣ አጎቱ ፍራንክ የሌቦቹ አለቃ ነው የሚለውንም አይቻቸዋለሁ፤ ብዙ አላስቆዩኝም። ኬቨን የሚያየው ጥቁርና ነጭ የወንበዴዎች ፊልም ግን እውነተኛ የድሮ ፊልም ይመስለኝ ነበር። ለዚሁ ፊልም ተብሎ የተቀረጸ ነው።

ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣውን ሁለተኛውን ክፍል እይዛለሁ። በመጀመሪያው ክፍል ቤተሰቡ ፓሪስ ሆኖ አንድ የቆየ የገና ፊልም በፈረንሳይኛ ተተርጉሞ ያያል፤ በሁለተኛው ያንኑ ፊልም በስፓኒሽ ያገኙታል። ከዚያ በፊት ግን የመጀመሪያውን ለስድስተኛ ጊዜ ዓይኔን ጨፍኜ የጆን ዊሊያምስን ሙዚቃ ብቻ ልሰማው ነው። የማርሊ ዜማ ከቤተ ክርስቲያኑ በፊትና በኋላ ይለያይ እንደሆነ ያስተዋለ ካለ፣ እኔ እስክጨርስ አትንገሩኝ፤ ከዚያ እናመሳክራለን።