ከዴማስ ቀጥሎ ያለው ቁጥር

ትናንት ማታ እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ያው የቆየው ጥያቄ ነው። የዳነ ሰው ድነቱን ሊያጣ ይችላል?

ለእኔ ይሄ ጥያቄ የአንዲት ሴት መልክ አለው። ጓደኛዬ ናት። ግቢ እያለን አንድ ፌሎሺፕ ነበርን፤ መዘምራን ውስጥም ጎን ለጎን እንቆም ነበር። ዜማው ሲጠፋብኝ የእሷን ድምፅ ሰምቼ ነበር የምመለሰው። ዶርም ውስጥ ከሌሊቱ አስር ሰዓት ላይ ተነስታ፣ ነጠላዋን ተከናንባ፣ አልጋዋ ጥግ ተንበርክካ ስትጸልይ ስንት ጊዜ አይቻታለሁ። መብራት ጠፍቷል፤ ሁሉም ተኝቷል። ሰው እንዲያያት አልነበረም።

ዛሬ አታምንም። ከማንም ተጣልታ አይደለም። «እኔ አሁን እዚያ ውስጥ የለሁም» ነው ያለችኝ፣ ስኳር ያልጨመረችበትን ማኪያቶ እያማሰለች።

የልቤን ለሁለት ሰዎች አወራሁ። አንዷ እህት «መጀመሪያውኑ አልዳነችም ነበር» አለችኝ። «ከእኛ ዘንድ ወጡ፥ ዳሩ ግን ከእኛ ወገን አልነበሩም» የሚለውን የዮሐንስን መልእክት ጠቀሰችልኝ። አንድ ወንድም ደግሞ ዕብራውያን 6ን ገለጠልኝ። ብርሃን የበራላቸው፣ ሰማያዊውን ስጦታ የቀመሱ፣ ከመንፈስ ቅዱስ የተካፈሉ ሰዎች ከካዱ ዳግመኛ ለንስሐ ማደስ አይቻልም ይላል። «ነበራት፤ አጣችው» አለኝ።

ሁለቱም ለመመለስ ደቂቃ አልፈጀባቸውም። እሱ ነው ያመመኝ። የመጀመሪያው መልስ ያንን የሌሊት ጸሎት ከንቱ ያደርገዋል። የእሷ እውነት ካልነበረ የእኔስ እውነት መሆኑን በምን አውቃለሁ? ሁለተኛው ደግሞ በር ይዘጋባታል። ገና የሠላሳ አንድ ዓመት ሰው እኮ ናት።

ይሄ ፍርሃት ለእኔ አዲስ አይደለም። ልጅ ሆኜ «ጌታን መቀበል የምትፈልጉ» በተባለ ቁጥር እጄን አወጣ ነበር። በየኮንፈረንሱ። ያለፈው ጊዜ ካልሠራስ እያልኩ። ኦርቶዶክሷ አያቴ ግን እንደዚህ ስትጨነቅ አይቻት አላውቅም። «ዳንሽ ወይ?» ብትባል ጥያቄው ራሱ ግራ ያጋባት ነበር። ጸሎቷ አንድ ነው፤ «ፍጻሜዬን አሳምርልኝ።» ያኔ ያላወቀች ትመስለኝ ነበር። አሁን ግን «እስከ መጨረሻ የሚጸና እርሱ ይድናል» የሚለውን ቃል ዕድሜዋን ሙሉ ስትጸልየው እንደኖረች ይሰማኛል።

ጉዳዩ ከእኛ በፊት ብዙዎችን አከራክሯል። ሉተራውያን በ1530 የአውግስበርግ የእምነት መግለጫቸው፣ አንዴ የጸደቀ ሰው መንፈስ ቅዱስን ሊያጣ አይችልም የሚሉትን ነቅፈዋል። በሆላንድ ደግሞ የነገረ መለኮት መምህሩ የአርሜንየስ ተከታዮች በ1610 አምስት ነጥብ ሲያወጡ፣ በአምስተኛው ላይ እውነተኛ አማኝ ሊወድቅ ይችል እንደሆነ ገና ከመጽሐፍ ቅዱስ ልንመረምር ይገባል ብለው ተዉት። ይሄን ሳነብ ወደድኳቸው። በ1618 እና 19 የተሰበሰበው የሆላንድ ተሐድሶ ቤተ ክርስቲያን ጉባኤ፣ የዶርት ሲኖዶስ፣ ግን ቁርጥ አድርጎ መለሰ፤ የእግዚአብሔር ሰዎች ክፉኛ ሊወድቁ ይችላሉ፣ እርሱ ግን ፈጽሞ አይጥላቸውም አለ። (ዘመኖቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።)

እኔ ልቤ ወደ ዶርት ያደላል። «ከእጄም ማንም አይነጥቃቸውም» ያለው ጌታ ነው። ሰው የሚድነው በያዘው ጥንካሬ ከሆነ እኔ ገና ድሮ ወድቄ ነበር። ዕብራውያን 6ን ግን ቀለል አድርጌ ማለፍ አልችልም፤ ያስፈራኛል፣ ደግሞም ሊያስፈራኝ ይገባል። ብቻ ደብዳቤው የተጻፈው ገና ጉባኤው መሐል ተቀምጠው ለሚሰሙት ነው። ጸሐፊው ወዲያው ቁጥር 9 ላይ «ወዳጆች ሆይ» ብሎ ስለ እነርሱ የተሻለውን እንደሚያምን ይነግራቸዋል። እንግዲህ ያ ማስጠንቀቂያ እኔን መያዣ ነው። እኔ ግን እሷ ላይ መፍረጃ አድርጌው ኖሬያለሁ።

ትናንት ሌሊት 2ኛ ጢሞቴዎስን አነበብኩ። ጳውሎስ እስር ቤት ሆኖ ነው የሚጽፈው። ምዕራፍ 4 ቁጥር 10 ላይ ዴማስ የአሁኑን ዓለም ወድዶ ትቶት ሄዷል። ዴማስ ዝም ብሎ ሰው አልነበረም፤ በፊልሞና መልእክት ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ተቆጥሯል። ይሄን ቁጥር ስንት ጊዜ ሲሰበክ ሰምቻለሁ። ቀጣዩን ቁጥር ግን ከእሱ ጋር አገናኝቼው አላውቅም ነበር። «ማርቆስን ይዘኸው ና» ይላል፤ ለአገልግሎት ይጠቅመኛል። ያ ማርቆስ እኮ ነው! ጵንፍልያ ላይ ጥሏቸው የተመለሰው። በእሱ ምክንያት ጳውሎስና በርናባስ እስከ መለያየት የደረሱበት። ጵንፍልያ ላይ ጀርባውን ያየ ሰው ከዴማስ በምን ይለየው ነበር?

መጽሐፍ ቅዱሷ እኔ ጋ ነው። ቤት ስትቀይር በካርቶን ካስቀመጠቻቸው ዕቃዎች ጋር ቀርቶ ነው። ጠርዙ ተልጧል። ዮሐንስ 10 ላይ በቀይ እስክሪብቶ አስምራ ስሟን ጽፋበታለች።

ዛሬ ከሥራ ስወጣ ደወልኩላት። ስለ እናቷ ስኳር፣ ስለ ቤት ኪራይ ብዙ አወራን። ልንዘጋ ስንል መጽሐፍ ቅዱስሽ እኔ ጋ ነው፣ ላምጣልሽ ወይ አልኳት። ትንሽ ዝም አለች።

«አይ፣ አንቺ ጋ ይቀመጥልኝ» አለች።