ከላይ ደረቅ፣ ከታች ረግረግ

በአንድ የተሳቢ እንስሳት ማቆያ ክፍል ውስጥ ኮርን ስኔክ የሚባለው እባብ ቆዳውን ቆራርጦ ጣለ። ጤነኛ እባብ ከአፍንጫው ጀምሮ እንደ ካልሲ ገልብጦ በአንድ ወጥ ነው የሚያወልቀው። ስለዚህ ቁርጥራጩን ያየው ተንከባካቢ «አየሩ ደርቆበታል» ማለቱ ያስኬዳል። ክዳኑ ሥር የተለጠፈው ባለ ቀስት የእርጥበት መለኪያም 30 በመቶ ያሳይ ነበር፤ ለዚህ እባብ የሚስማማው ግን ከ40 እስከ 60 በመቶ ነው። ጥፋቱ የመጣው ከመፍትሔው ነው፤ ጠዋትና ማታ በጉዝጓዙ ላይ ውሃ መርጨት ተጀመረ። ጉዝጓዙ ደግሞ የአስፐን እንጨት ፍቅፋቂ ነበር።

በሳምንቱ ሳጥኑ ይሸት ጀመር። ፍቅፋቂው ሲገለጥ የላይኛው 2 ሴንቲ ሜትር ደርቋል፣ ታችኛው ግን ርሶ ነጭ ሻጋታ ድር ሠርቶበታል። የእባቡ የሆድ ቅርፊቶች ቀላ ብለዋል፣ ሁለት ሦስት ቦታም ውሃ ቋጥረዋል። ክዳኑ ሥር ያለው ቀስት ግን አሁንም ከ35 አላለፈም!

መለኪያው የተሰቀለው ማሞቂያው መብራት አጠገብ ነው። አየር ሲሞቅ በውስጡ ያለው ውሃ ባይቀንስም አንጻራዊ እርጥበቱ (አየሩ ሊይዝ ከሚችለው ውሃ አንጻር የያዘው) ይወርዳል፤ እባቡ የሚተኛው ደግሞ ከታች ነው። ርካሽ ባለ ቀስት መለኪያዎች በ10 ነጥብ ቢስቱም አይገርምም። ዲጂታል መለኪያ ቀዝቀዝ ባለው ጎን፣ ከጉዝጓዙ በላይ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ላይ ይቀመጥ። ትክክለኛነቱን መፈተሽ ቀላል ነው፤ አንድ የጠርሙስ ክዳን ጨው በጥቂት ውሃ እንደ ሊጥ አርጥቦ ከመለኪያው ጋር አየር በማያስገባ ዕቃ ውስጥ ማሸግና ሌሊቱን ማሳደር። ጠዋት 75 በመቶ አካባቢ ማሳየት አለበት፤ 68 ካለ ከእያንዳንዱ ንባብ ላይ 7 መጨመር ነው።

እባቡ ነጭ የወጥ ቤት ወረቀት ወደተነጠፈበት ደረቅ ሳጥን ተዛወረ። ወረቀቱ በቆሸሸ ቁጥር ይለወጣል፤ ሙቀቱ በአንደኛው ጎን ከ29 እስከ 30 ዲግሪ፣ በሌላው ከ22 እስከ 24 ተደርጎ በቴርሞስታት (በሙቀት መቆጣጠሪያ) ተያዘ። ውሃ የቋጠረ የሆድ ቅርፊት ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል ተሳቢ እንስሳትን የሚያውቅ የእንስሳት ሐኪም ማየት አለበት፤ በቤት ውስጥ ቅባት መሞከር ጊዜ ማባከን ነው። አፍ ከፍቶ መተንፈስ፣ ማፏጨት ወይም በአፍንጫ አረፋ ማውጣት ከታየበት ደግሞ ለነገ አይባልም።

አስፐን መጥፎ ጉዝጓዝ አይደለም። ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ከተነጠፈ እባቡ ዋሻ ሲቆፍርበት አይደረመስም፣ ቆሻሻውንም መርጦ ማንሳት ይመቻል። ብቻ ውሃ አይወድም። የክፍሉ አየር ደረቅ ከሆነ የኮኮናት ቃጫ ወይም የሳይፕረስ ዛፍ ቅርፊት ይሻላል፤ እነዚህ ውሃ ይዘው ቀስ እያሉ ይለቃሉ። ጭብጥ ተደርገው ሲጨመቁ ውሃ ካንጠባጠቡ ግን በዝቷል። የሴዳር እንጨት ፍቅፋቂ ፈጽሞ አይገባም፤ ያ ደስ የሚል ሽታው የእባብን ሳንባ የሚጎዳ ዘይት ነው።

ቆዳ ለመጣል ደግሞ ሳጥኑን በሙሉ ማርጠብ አያስፈልግም። ክዳን ያለው ፕላስቲክ ዕቃ፣ እባቡ የሚያልፍበት ጠርዙ የለሰለሰ ቀዳዳ፣ ውስጡ ተጨምቆ የረጠበ ስፋግነም ሞስ (ውሃ የሚይዝ ለስላሳ ተክል)፤ በቃ። ዓይኑ ሰማያዊ ጭጋግ ሲለብስ ይህ መደበቂያ ይገባለታል። ጭጋጉ ከጠራ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ቆዳው ይወርዳል፣ ያኔ ሞሱ ወጥቶ ይታጠባል ወይም ይጣላል።

የወደቀው ቆዳ ወዲያው አይጣልም። ተዘርግቶ ሁለቱ የዓይን ሽፋኖች (ዓይኑን የሚሸፍኑት ግልጽ ቅርፊቶች) እና የጅራቱ ጫፍ መኖራቸው ይታያል። ጅራት ላይ የቀረ ቀለበት ደም አግዶ ጫፉን ሊገድለው ይችላል። እንዲህ ሲሆን እባቡን ለብ ባለ ውሃ በረጠበ ፎጣ መካከል 20 ደቂቃ ያህል እየተሳበ እንዲያልፍ ማድረግ ነው። የቀረው የዓይን ሽፋን ከሆነ በወረንጦ መንካት አያስፈልግም፤ ከሥሩ ያለውን አዲሱን ሽፋን ይዞ ሊወጣ ይችላል። እርጥብ መደበቂያው ተመልሶ ይገባል፣ በሚቀጥለው ቆዳ መጣል ጊዜም ካልወረደ ለሐኪሙ ይተዋል።