አልዓዛርን የፈቱት እጆች

እግዚአብሔር ይመስገን። በሱስ ከተጎዱ፣ ጥቃት፣ ጦርነት ወይም ድንገተኛ ሞት ከሰበራቸው ቤተሰቦች ጋር አብረን እንጸልያለን፤ ይህም ምስክርነት ጸሎቱ በቤታቸው ውስጥ በምን መልክ እንደሚመለስ የሚናገር ነው።

አልዓዛር ከመቃብር ሲወጣ እጅና እግሩ በመግነዝ ታስሮ፣ ፊቱም በጨርቅ ተጠምጥሞ ነበር። የጠራው ጌታ ነው። ድንጋዩን ግን ሰዎች አነሱት፤ መግነዙንም እዚያ የቆሙት እንዲፈቱት ታዘዙ። ከሱስ የወጣ ሰው ቤተሰብም ሥራው ይኸው መፍታት ነው፤ የሚፈታውም አንድ አንድ ቋጠሮ እየተባለ ነው።

የመጀመሪያው ቋጠሮ ሥጋ ነው። ለዓመታት በየቀኑ አብዝቶ የጠጣ ሰው “ከዛሬ ጀምሮ በቃኝ” ሲል ቤቱ ሁሉ ደስ ይለዋል፤ እኛ ያን ጊዜ ሰዓት መቁጠር እንጀምራለን። ከመጨረሻው ብርጭቆ በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ እንቅልፍ እምቢ ይለዋል። በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት አንዳንዱን እንደሚጥል በሽታ ጥሎ ያንፈራግጠዋል። ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ደግሞ ከሁሉ የከፋው ሊመጣ ይችላል፤ ቀንና ሌሊቱ ይምታታበታል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ ሰውነቱ ይግላል፣ ልቡ በኃይል ይመታል። ይህ ካልታከመ ይገድላል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሰው ክፍል ዘግቶበት ወይም ጾም አስጀምሮ መጠጥ ማስቆም ትልቅ ስሕተት ነው። በእነዚያ ቀናት የምንጾመው እኛ ነን፤ እርሱ ይብላ፣ ውኃ ይጠጣ፣ ሐኪም ፊት ይቅረብ። ሐኪሙ መንፈራገጡን የሚከላከል መድኃኒት መጠኑን በየቀኑ እየቀነሰ ይሰጠዋል፤ ቲያሚን የተባለውን ቫይታሚን ቢ1ም ይጨምርለታል። ቲያሚኑ ተራ ነገር እየመሰላቸው የሚንቁት አሉ። ብዙ የጠጣ ሰው ግን በሰውነቱ ውስጥ ይህ ቫይታሚን ያልቅበታል፤ በጊዜ ካልተተካለት አእምሮው ይጎዳና የትናንቱን ነገር እንኳ መያዝ የሚያቅተው ሆኖ ሊቀር ይችላል። የእንቅልፍና የጭንቀት ኪኒን ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰውም በድንገት ማቋረጥ የለበትም፤ አደጋው ተመሳሳይ ነው።

ሄሮይንና መሰሎቹ ሌላ ጠባይ አላቸው። ሕመሙ ከባድ ቢሆንም ማቆሙ ራሱ እምብዛም አይገድልም፤ አደጋው የሚመጣው ካቆሙ በኋላ ነው። ሰውነት ልምዱን ስለሚረሳ ድሮ ይወስደው የነበረው መጠን አሁን ትንፋሹን ያቆመዋል። ስለዚህ በሚገኝበት አገር ሁሉ የሄሮይንን ኃይል ሽሮ ትንፋሽን የሚመልሰው ናሎክሶን የተባለው መድኃኒት ቤት ውስጥ ይቀመጥ፣ የቤቱም ሰው አጠቃቀሙን ይማር። የሄሮይንን አምሮት የሚያስታግሱትን መድኃኒቶች፣ ሜታዶን ወይም ቡፕረኖርፊን፣ በሐኪም ትእዛዝ የሚወስደውንም “ገና አልተፈታህም” አትበሉት። ሁለቱም እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አሉ። “ተጸልዮልሃልና መድኃኒትህን ተው” የሚል ቃል ሰው ይገድላል፤ ይህን በእግዚአብሔር ፊት እንናገራለን።

ከዚያ ሌሊቱ ይመጣል። ብዙ ሰው መጠጥ የጀመረው ለመርሳት ነው፤ መጠጡ ሲሄድ የተረሳው ይመለሳል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቅዠቱ ሲበረታ ቤተሰብ “ጭራሽ ባሰበት” ብሎ ይደነግጣል። ሌሊት ሲጮኽ ሮጣችሁ አትነቅንቁት። በሩ አጠገብ ቆማችሁ መብራቱን አብሩ፣ በስሙ ጥሩት፣ ማን እንደሆናችሁ ንገሩት፦ “እኔ ነኝ፣ እናትህ። ቤት ነህ። ሌሊት ነው። በሩ ተዘግቷል።” ዓይኑ ዓይናችሁን እስኪያገኝ ድረስ አትንኩት፤ በሕልሙ እየታገለ ላለ ሰው የነካው እጅ ሁሉ የጠላት እጅ ነው። ከዚያ ቁጭ ይበልና እግሩ ወለሉን ይርገጥ። ቀዝቃዛ ውኃ ያለበት ብርጭቆ በሁለት እጁ አስይዙት። ትንፋሹን 4 እየቆጠረ ያስገባ፣ 6 እየቆጠረ ያውጣ፤ መውጫው ሲረዝም ልብ ይረጋል። ጸሎታችሁ በለሆሳስ ይሁን። በዚያች ደቂቃ ድምፅን ከፍ አድርጎ መገሠጽ ጩኸት ያቆሰለውን ሰው በጩኸት እንደገና ማቁሰል ነው። ምን እንዳየም አትጠይቁት። ከፈለገ ጠዋት ይነግራችኋል፤ ካልፈለገም ይተወዋል።

እዚህ ላይ ለወገኖቻችን በፍቅር፣ ግን ሳንሸሽግ የምንለው አለ፤ ሰውን ለምስክርነት አታስቸኩሉ። ገና በሦስተኛው ሳምንት መድረክ ላይ አውጥተን “ያደረገልህን ተናገር” እንለዋለን። እርሱም የደረሰበትን ሁሉ አንድ በአንድ ይዘረዝራል፤ ጉባኤው ያለቅሳል፣ ያመሰግናል፣ ወደየቤቱ ይሄዳል። ለእርሱ የዚያች ሌሊት እንቅልፍ የለም። ከክፉ ነገር የተረፈን ሰው ወዲያውኑ በአንድ ቀጠሮ ሁሉን እንዲተርክ ማድረግ ከኋላ ከሚመጣው የአእምሮ ጠባሳ እንደማያድን፣ አንዳንዱንም እንደሚያብስበት ጥናቶች አሳይተዋል። ሌላም ወጥመድ አለው፦ በሕዝብ ፊት “ነጻ ወጣሁ” ያለ ሰው አንድ ቀን ቢሰናከል ያንን ሕዝብ ዳግመኛ ማየት ያፍራል፤ በጣም በሚያስፈልገን ሰዓት ይሸሸናል። የእኛ ልማድ አንድ ዓመት መጠበቅ ነው። እስከዚያው ለአንድ ወይም ለሁለት ለታመኑ ሰዎች ይናገር። ቀኑ ሲደርስም እግዚአብሔር ያደረገውን ይመስክር፤ ሰው ያደረገበትን ለመዘርዘር አይገደድ።

ቤቱስ? ከዕለት ወደ ዕለት ትልቁ ሥራ የሚሠራው ማዕድ ላይ ነው። ስቲቨን ዎሊንና ሊንዳ ቤኔት የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ጠጪ ወላጅ ያለባቸውን ቤተሰቦች አጥንተው ነበር። የእራት ሰዓቱን፣ በዓሉን፣ የእንግዳ አቀባበሉን መጠጡ እንዲያፈርሰው ያልፈቀዱት ቤተሰቦች ልጆች፣ ሥርዓቱ ከፈረሰባቸው ይልቅ ሲያድጉ በመጠጥ የመያዛቸው ነገር አነስተኛ ሆኖ ተገኘ። ይህ በተግባር ቀላል ነው፣ ደግሞም ከባድ ነው። እራት በ1 ሰዓት ከሆነ በ1 ሰዓት ይቀርባል። አባት ቢቀር አይጠበቅም፤ ወንበሩ ግን አይነሣም። ሰክሮ ከመጣ ምግቡ ተከድኖ ይቆየዋል፣ የልጆቹ ማዕድ አይበተንም። በማዕድ ላይ ስለ ሱስ ክርክር አይነሣም። በልተው ሲጨርሱ አጭር ጸሎት ይደረጋል፤ ልጅ ቢጸልይ ደግሞ የተሻለ ነው። በመጀመሪያው ወር ሁሉም ነገር ማስመሰል ሊመስላችሁ ይችላል፤ ቀጥሉበት።

ገንዘብ ሌላው ቋጠሮ ነው። ዕዳውን ለመክፈል ጥሬ ገንዘብ በእጁ አትስጡት፤ መርዳት ካለባችሁ ለአበዳሪው ራሳችሁ ክፈሉ። ለአለቃው “ታሟል” ብላችሁ አትዋሹለት። ይህ ጭካኔ አይደለም፤ የሠራው ሥራ ውጤት ወደ ራሱ ካልደረሰ ለመቆም ምክንያት ያጣል። በሌላ በኩል ያልጠጣበትን ሰዓት አክብሩለት፤ አብራችሁት ተቀመጡ፣ የሚወደውን ነገር አብራችሁት አድርጉ፤ ሲሰክር ግን ያለ ጠብ ራቅ በሉ። መናገር ያለባችሁን ጠዋት፣ ሲነቃ፣ በአጭሩ ተናገሩ፦ “ማታ በሩን ስትመታ ልጆቹ ፈሩ። እኔም ፈራሁ። ዛሬ አብረን ሐኪም ጋ ብንሄድ ደስ ይለኛል።” ሮበርት ማየርስ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ቤተሰብን ይህን መንገድ አስተምረው እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት ጥናት፣ ሕክምና አልፈልግም ካሉት ጠጪዎች ከ3ቱ 2ቱ ገደማ ሕክምና ጀምረዋል። ዘመድ ተሰብስቦ ጠጪውን ፊት ለፊት ማፋጠጡ ግን የዚያን ግማሽ እንኳ አላመጣም። ግርፋት ቢኖር፣ መሣሪያ ቢኖር ይህ ምክር ሁሉ ይቆያል፤ መጀመሪያ እናትና ልጆች ከዚያ ቤት ይውጡ።

ልጆቹ ሦስት ነገር ደጋግመው ይስሙ፦ አንተ አላመጣኸውም፣ አንተ ልታቆመው አትችልም፣ አንተ ልታድነው አትችልም። ትንሽ ልጅ አባቱ የሚጠጣው እርሱ ስለረበሸ ይመስለዋል፤ በልቡ ይዞት ያድጋል። እ.ኤ.አ. በ1955 በሃዋይ በካዋይ ደሴት የተወለዱ 698 ሕፃናትን ኤሚ ወርነር የተባለች ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ለአሥርት ዓመታት ተከታትላቸዋለች። ብዙ መከራ ከከበባቸው መካከል አንድ ሦስተኛው ገደማ የሚችሉ፣ የሚተማመኑ፣ ለሰው የሚራሩ ሆነው አደጉ። ከነዚህም አብዛኞቹ አያት፣ አስተማሪ ወይም ሌላ የማይለዋወጥ አንድ ታላቅ ሰው ከአጠገባቸው ነበራቸው። ስለዚህ ጉባኤ ለአንድ ቤት 10 ጠያቂ ለአንድ ወር ከሚልክ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ሰው ለዓመታት ቢመድብ ይሻላል፤ ወላጅ እያወቀው፣ ሰው በሚያይበት ቦታ።

ለታማሚው ደግሞ 7 ሰው ይበቃል፣ በቀን አንድ። ሥራው አንድ ስልክ መደወል ነው፦ “በልተሃል? ተኝተሃል? ከማን ጋር ነህ?” ራብ፣ ቁጣ፣ ብቸኝነትና ድካም ወደ ኋላ የሚጎትቱ አራት ገመዶች ናቸው። ሁሌ የምናየው ስሕተት በመጀመሪያው ወር ሁሉም ይደውላል፣ በሦስተኛው ማንም የለም። መዝገብ ያዙ፤ በፍቅር ብቻ አይቆይም።

ግርሻም ይመጣል። ከሱስ ታክመው ከወጡት ከ100ው ከ40 እስከ 60 የሚሆኑት ያገረሽባቸዋል፤ የደም ግፊትና የአስም ሕመምተኞችም ከሕክምናቸው ሲዘናጉ እንዲሁ ነው። አንድ ወረቀት አስቀድማችሁ ጻፉ፣ እርሱ ራሱ ይጻፈው፦ የሚደውልባቸው 3 ቁጥሮች፣ የሚሄድበት የሕክምና ቦታ፣ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት አብሮት የሚያድረው ሰው ስም። ከቁም ሣጥኑ በር በውስጥ በኩል ይለጠፍ። ወድቆ ሲመጣ የምትሉት “ስለመጣህ ደስ ብሎኛል፣ ወረቀቱን እናውጣ” ይሁን።

ጸሎታችን እንደተመለሰ በምን እናውቃለን? እናት የበሩን ድምፅ ሳትጠብቅ ተኝታ ታነጋለች። ልጅ ጓደኛውን ሳያፍር ወደ ቤት ያመጣል። አንድ ቀን ደግሞ ሚስት ቦርሳዋን ጠረጴዛ ላይ ትታ ወደ ሌላ ክፍል ትገባለች፤ ተመልሳ ስትመጣም ሳትከፍተው፣ ሳትቆጥረው አንሥታ ትወጣለች።